ጥይት ስንት ይመዝናል?

ዛሬ ጨዋታችንን በጥያቄ እንጀምር። "አንድ የክላሽ ጥይት ስንት ነው?" ብለን ብንጠይቅ ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ ባለው መንገድ ላይ የምናገኘው ማንኛውም ጎረምሳ ዋጋውን ይነግረናል። የአምናውን ዋጋ፣ የዛሬውን ዋጋ፣ "ለእናንተ ሲሆን" የሚለውን ዋጋ ሳይቀር! ጥያቄዋን ትንሽ ቀየር አድርገን "አንድ የክላሽ ጥይት ስንት ይመዝናል?" ብንል ግን ያው ጎረምሳ ዝም ይላል። ምናልባትም "ይቺ ልጅ ደህና ናት?" ብሎ ጓደኛውን በክርኑ ጎሰም ያደርጋል።

ደህና ነን። ጥያቄዋን ያመጣናት ለማሾፍ አይደለም። ቦረና ውስጥ (የደቡብ ወሎውን ማለታችን ነው፤ ቦረና ሲባል ሁሉም ሰው ሞያሌን ስለሚያስብ) ጥይት የሚመዘነው በብርና በክብር ነው። በግራም መዝኖ "ይቺ ነገር ከአፈሙዙ ከወጣች በኋላ የት ሄዳ ታርፋለች?" ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አላየንም። እናም ሰርግ ሲሆን ወደ ሰማይ፣ ለቅሶ ሲሆን ወደ ሰማይ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ሰማይ… ሰማዩ የሚመልሰው አይመስለንም። ይመልሳል። ዛሬ ልንጽፍ የፈለግነውም ስለዚሁ ነው።

እስኪ መጀመሪያ ጥይትን እንደ ክብር ሳይሆን እንደ ዕቃ ከሚያዩ ሰዎች እንነሳ። በአሜሪካና በሌሎች አንዳንድ አገሮች የተኮሱበትን ቀለህ ለቅመው፣ እቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው መልሰው የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ጥይት አራት ነገር ነው፤ ቀለሁ፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው መለኮሻ፣ ባሩዱና አረሩ። መለኮሻዋና ባሩዱ ይነዳሉ፣ አረሩ ይሄዳል። ቀለሁ ግን ይቀራል። ናስ ነው፤ ደህና ከተያዘ ደጋግሞ ያገለግላል። ስለዚህ ቀለሁን አጽድቶ መሙላት ወጪ ይቀንሳል።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ማግነም የሚባለውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ የሚወዱ አሉ። ማግነምን ከፊልም ታውቁታላችሁ፤ ክሊንት ኢስትውድ በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው "ደርቲ ሃሪ" ላይ የሚይዘው ያ ረጅም ሽጉጥ ባለ 44 ማግነም ነው። ታናሽ ወንድሙ (በዕድሜ ግን ታላቁ) ባለ 357 ማግነም የሚባለው ሲሆን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ፋብሪካ ያወጣው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ዓመቷን ልብ በሉልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ማግነም የሚሞላ ሰው ገና ከመጀመሩ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ አረሩ ስንት ይመዝን? ለ357ቱ ከተለመዱት መካከል 8 ግራም ገደማና 10 ግራም ገደማ የሚመዝኑ አሉ። ለ44ቱ ደግሞ 15 ተኩል ግራም ገደማ የተለመደ ነው። ቀለል ያለው ፈጥኖ ይወጣል። ከባዱ ዘገም ይላል፤ ሲመታ ግን ጠልቆ ይገባል፣ እጅንም ገፋ ያደርጋል። ዒላማ ለመለማመድ ሌላ፣ ለአደን ሌላ ይመረጣል። አረሩ በተቀየረ ቁጥር የባሩዱም ልክ ይቀየራል። ለቀላል አረር የታሰበውን ባሩድ ከከባድ አረር ጋር ያጋባ ሰው ሽጉጡ እዚያው እጁ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ሚዛን አለው። የወርቅ ሠሪ የመሰለ ሚዛን!

ሚዛኑ የሚቆጥርበት መለኪያ ደግሞ "ግሬን" ይባላል። ትርጉሙ የእህል ፍሬ ማለት ነው። በጥንት ዘመን የአንድ የገብስ ፍሬ ክብደት ተወስዶ ነው የተሠራው፤ 65 ሚሊግራም ገደማ ነው። ገብስ! የእኛው ገብስ! የደጋው ሰው ለቆሎና ለበሶ የሚያውቀው ገብስ ባሕር ማዶ የጥይት መለኪያ ሆኖ ተቀምጧል፤ እዚህ ገብሱን አምራቹ ጥይቱን በገብስ ልክ ሳይሆን በግምት ወደ ሰማይ ይለቃል።

(በነገራችን ላይ ይህን የምንነግራችሁ እቤታችሁ ሞክሩት ለማለት አይደለም። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያና ጥይት ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መሥራትንና መነገድን ይከለክላል። ባሩድም ቢሆን ለቡና ወሬ የሚሆን ጓደኛ አይደለም።)

እኛን የገረመን የሙያው ረቂቅነት ሳይሆን ጥያቄው ነው። ሰውየው ጥይቱን ከመሙላቱ በፊት ሦስት ነገር ጠይቋል፤ ለምን እተኩሳለሁ? ምን እመታለሁ? ከመታሁት በኋላ የት ይቆማል? እነዚህን ካልመለሰ ክብደቱን መምረጥ አይችልም። ጥይት ሞልቶ የሚተኩስ ሁሉ ጠቢብ ነው እያልን አይደለም፤ የመሣሪያ ጥፋት በዚያው በአሜሪካ ምን እንደሚያደርስ እናውቃለን። ነገር ግን ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ናት። እንዋሳት።

እንግዲህ በእኛ ቤት እንመዝን። አያቶቻችን ስናድር የሚሉት ጠመንጃ አረሩ 31 ግራም ገደማ ነበር። ውጅግራ (ፈረንሳዮች ግራ ብለው የሰየሙት፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው) 25 ግራም ገደማ። ኤም ዋን ወደ 10 ግራም ይጠጋል። ክላሽ 8 ግራም። የማካሮቭ ሽጉጥ 6 ግራም። አያችሁ? በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ የጠመንጃ አረር ክብደቱ እያነሰ፣ እያነሰ ነው የመጣው። አረሩ ሲያንስ ግን ገዳይነቱ አላነሰም።

ምክንያቱ የአስረኛ ክፍል ፊዚክስ ነው (የተኛችሁበት ክፍለ ጊዜ)። የአንድ ነገር ክብደት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ በእጥፍ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የማካሮቭ አረር በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የክላሽ 715 ሜትር ገደማ። በክብደት የሚለያዩት በ2 ግራም ብቻ ነው። በጉልበት ግን ክላሹ ሰባት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። 2 ግራም ማለት ከጥቂት ጥፍጥሬ ባቄላ አይበልጥም። "ትንሽ ናት፣ ምን ታደርጋለች" የሚባልላት ነገር አይደለችም ለማለት ነው።

ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ መቅደላ አለች። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ ያን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉለት ከደብረ ታቦር አካባቢ እስከ መቅደላ አወጡት። ወራት ፈጀ። ከዚያ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ሜዳ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያ ሆነ። እንግሊዞቹ የያዙት አዲስ ጠመንጃ ስናድር ነበር፤ ከኋላው የሚጎርስ፣ አረሩ 31 ግራም። የእኛ ሰዎች የያዙት ከአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃና ጦር ነበር። በእንግሊዞቹ ቆጠራ ከኢትዮጵያውያኑ 700 ገደማ ሞቱ፤ ከእንግሊዝ ወገን በቁስላቸው የሞቱት ሁለት ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ሰዉ። ሽጉጡም ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሟል። አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ታክሲ ስንጠብቅ እያየነው እናልፋለን። ስለ ጀግንነት የምንናገረው ብዙ አለን። ስለ ክብደት ግን ያስተማረን ነገር ትንሽ ነው የወሰድነው። 7 ቶን ያላደረገውን 31 ግራም አደረገው። ያሸነፈው ምን ያህል ከባድ ነገር እንደያዘ የሚኮራው ሳይሆን፣ የያዘው ነገር ምን እንደሚሠራ ያወቀው ነው።

ታዲያ እኛ ጥይትን በግራም መመዘን ትተን በምን መመዘን ጀመርን? አንደኛው በገንዘብ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ነበር፤ የውጅግራ ጥይት ተቆጥሮ ዕቃ ይገዛ ነበር። ጥይትን በገንዘብ ማየት ታሪክ አለው ማለት ነው። ሁለተኛው በክብር ነው። ሰርግ ላይ አንድ ካዝና ሙሉ ወደ ሰማይ ያራገፈ ሰው "ይቺን ያህል ብር አቃጠለ!" ይባልለታል። ጨረታ ላይ እንዳለ ሰው ነው። ሙሽራው ወገን ሲተኩስ የሙሽሪት ወገን ዝም ካለ "ምነው፣ ቸገራቸው እንዴ?" ይመጣል። እናም ይተኮሳል። ተኩሱ ደስታ መሆኑ ይቀርና የብር ወሬ ይሆናል።

እዚህ ላይ "የአባቶቻችን ወግ ነው፣ አትንኩት" የሚል ድምፅ ይሰማናል። እንስማው። ጠመንጃ በወሎ ደጋ ጌጥ ብቻ አይደለም። ከብት ይጠብቃል፣ ድንበር ይጠብቃል፣ ሕግ ሩቅ በሆነበት ቀን የሰው መተማመኛ ነው። ጀግና ሲቀበር መተኮስም የቆየ ነገር ነው። ይህን ሁሉ አንክድም፤ "መሣሪያችሁን አስረክቡ" የሚልም ጽሑፍ አይደለም የያዛችሁት። እሱ ሌላ ክርክር ነው፤ በአንድ ገጽ አያልቅም።

ነገር ግን አባቶችን ከጠራን በደንብ እንጥራቸው። ያቺን 1935 እ.ኤ.አ. አስታወሳችኋት? ማግነም አሜሪካ ውስጥ ገበያ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ መስከረም 1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን አገራችንን ወረረ። መንግሥታት መሣሪያ እንዳይሸጥ ማዕቀብ ጥለው ነበር፤ የራሷ ፋብሪካ ከሞላላት ጣልያን ይልቅ የተጎዳችው ኢትዮጵያ ናት። ሠራዊታችን የዘመተው ዓይነቱ በተደበላለቀ ጠመንጃና በጥቂት ጥይት ነው። የአንዱ ጥይት ለሌላው ጠመንጃ አይሆንም። በዱር በገደል አምስት ዓመት የታገለ አርበኛ ዝናሩ ላይ የቀረችውን ጥይት በጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥራል እንጂ ለጨረታ ወደ ሰማይ አይለቅም። የአባት ወግ ከተባለ ይሄም የአባት ወግ ነው፤ ጥይትን የት እንደምትሄድ ሳያውቁ አለመልቀቅ።

አሁን ወደ ሰማዩ እንውጣ። ጥይት ወደ ላይ ሲተኮስ ምን ይሆናል? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጁሊያን ሃቸር የሚባል የአሜሪካ ጦር መኮንን ይህንኑ ለማወቅ ፍሎሪዳ ውስጥ ውኃ ላይ መድረክ አሠርቶ ወደ ላይ ያስተኩስ ነበር። አረሩ 10 ግራም ገደማ፣ ማለትም ከኤም ዋን ጋር አንድ ዓይነት ክብደት ያለው ነው። ወደ ላይ ወጥቶ እስኪመለስ 50 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሲመለስ በሰከንድ 90 ሜትር ያህል ይወርዳል። ይህ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሰው ቆዳ ለመብሳት ደግሞ በሰከንድ 60 ሜትር ገደማ ይበቃል። ቅርጹ አንድ ዓይነት ሆኖ ክብደቱ ሲጨምር የሚወርድበትም ፍጥነት ይጨምራል። ክብደት የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው፤ ከምንተኩስበት ቦታ ሳይሆን ከሚያርፍበት ቦታ ሆነን ስናስበው።

ያውም ይሄ ቀጥ ብሎ ሲተኮስ ነው። ሰርግ ላይ፣ ጠላው ገባ ገባ ካለ በኋላ፣ በጭፈራ መሐል ቀጥ አድርጎ የሚተኩስ ማን ነው? አፈሙዙ ይዘማል። ዘመም ብሎ የወጣ ጥይት ፍጥነቱን ብዙ ሳይጥል ይጓዛል። የክላሽ ጥይት እንዲህ ሆኖ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። የቦረናን መልክዓ ምድር የምታውቁ አስቡት። ደጋው ላይ ሆናችሁ የምትለቁት ጥይት ሸለቆውን ተሻግሮ እዚያ ማዶ የሚወርድበት ደጅ አለ። እዚያ ደጅ ላይ እህል የምታሰጣ ሴት ትኖራለች። ከብት የሚመልስ ልጅ ይኖራል። ሰርጉን አልተጠሩም። ጭፈራውን አልሰሙም። ቆርቆሮ ክዳን ጥይት አይመልስም።

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ" የምንለው ለቃል ነው። ለአፈሙዝም ይሠራል።

ይሄ የፍርሃት ወሬ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ ዓመት ሲገባ በደስታ ተኩስ 19 ሰዎች ተመቱ፤ አንዱ ሞተ። ጠብ አልነበረም። ጦርነት አልነበረም። "መልካም አዲስ ዓመት" ነበር። እዚያ ቢያንስ የጤና ባለሙያዎች ቁጭ ብለው ቆጠሩ። እኛ ዘንድ ሰው ሲመታ "የተባራሪ ጥይት ነው" ይባላል። ተባራሪ! ጥይቱ ራሱ ተነስቶ የሄደ ይመስል። ቋንቋችን ለጥይቱ ስም ሰጥቶ ለተኳሹ ስም ሳይሰጥ ቀረ። ጋዜጠኝነት ስንማር ከሁሉ አስቀድሞ የተነገረን "ማን?" ብላችሁ ጠይቁ የሚል ነው። ተባራሪ ጥይትም የለቀቀው ሰው አለ። ሕጉም እንደዚያው ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል። "ደስ ብሎኝ ነው" የሚል መከላከያ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ውስጥ የኖረ ሰው ተኩስ ሲሰማ የሚያስበው ሰርግ አይደለም። ሱቅ ይዘጋል፣ እናት ልጇን ትጣራለች፣ መንገደኛ ግድግዳ ይጠጋል። ድሮ "እልል" ይባልበት የነበረ ድምፅ ዛሬ ሰው በር ይቆልፍበታል። በዚህ ጊዜ ወደ ሰማይ መተኮስ ለሙሽራው ደስታ ሊሆን ይችላል፤ ለሰፈሩ ግን ማስደንገጥ ነው። ሌላ ታጣቂ "ማን ተኮሰብኝ?" ብሎ መልስ ቢሰጥስ? ሰርግ እንዲህ ሆኖ ሲያልቅ ማሰብ አይከብድም።

ታዲያ ምን ይሁን? ትልቅ ትልቅ መፍትሔ አናመጣም፤ ጉባኤ ይጠራ፣ ግብረ ኃይል ይቋቋም አንልም። ትንንሽ ነገሮች አሉን።

ዕድር የቅጣት ደንብ አለው፤ ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ለቅሶ ላይ የተኮሰስ ለምን አይቀጣም? በእኛ አገር ቄሱም ሼሁም ሰርግ ላይ አብረው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቀን "ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሰማይ የተኮሰበትን ድግስ አንመርቅም" ቢሉ የትኛው ደጋሽ ነው ምርቃት ትቶ ተኩስ የሚመርጥ? የፊዚክስ መምህራንም አላችሁ፤ ስለ ድንጋይና ስለ ኳስ የምትሠሩትን ጥያቄ አንድ ቀን በ8 ግራም አረር ሥሩት። ልጆቹ ማታ እቤት ሄደው ለአባታቸው ይነግራሉ። ከፖስተር ይበልጣል።

እናንተ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ… አዎ፣ እናንተ! ለአጎት ልጅ ሰርግ አገር ቤት ስትወርዱ ሞባይላችሁን አውጥታችሁ የምትቀርጹት ጭፈራውን ብቻ አይደለም፤ ተኳሹን ነው። እሱም ካሜራ ሲያይ አንድ ይጨምራል። ተመልካች ከሌለ ጨረታው ይሞታል። ስልኩን ኪስ መክተት መሣሪያ ከማስፈታት ይቀላል። ድፍረት ያላችሁ ደግሞ ጠጋ በሉና፣ በአክብሮት፣ "ጋሼ፣ ይቺ የት ሄዳ ታርፋለች?" በሏቸው። አትከራከሩ። ጠይቁና ዝም በሉ። ጥያቄዋ የራሷን ሥራ ትሠራለች።

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች እንዲሁ አላወጡትም ብለን እናምናለን። ለስሙ ቢያንስ አንድ ነገር ልንከፍልለት እንችላለን፤ በደስታችን ቀን የማንንም ልጅ ላለመግደል።

ለጎረምሳው የጠየቅነው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይሄ ነው። የክላሽ አረር 8 ግራም ይመዝናል፤ በገብስ ሲቆጠር 120 ፍሬ ገደማ፣ ከአንድ እፍኝ ቆሎ ያነሰ። ማዶ ላለችው ሴት ስንት እንደሚመዝን ግን ሚዛን የለንም።

ቸር እንሰንብት!